ደሴ ከገባሁ መኪናዬ ጠዋት አልነሳ ብላኛለች፤ ብርዱ ነው ወይስ ሌላ በሽታ አለባት?

የባቲ_መንገድ (ታኅሣሥ 8፣ ምሽት 2:40)

ሰላም ጀማው። ናፍጣ ሚኒባስ ነው ያለኝ፣ ማኑዋል። ኮምቦልቻ ባቲ ስሠራባት ጠዋት አስቸግራኝ አታውቅም፤ ቁልፉን ስነካው ትነሳለች። ቤተሰቤ ደሴ ስለገባ አሁን የምታድረው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፣ ግቢ የለኝም፣ ውጭ ነው። ኅዳር ላይ ጀመራት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስሞክራት ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ እኝ... እኝ... ይልና ይደክማል። ቢይዝላት እንኳ ሰፈሩን በነጭ ጭስ ታለብሰዋለች። ጎረቤቶቼ እግዜር ይስጣቸውና ይገፉልኛል፣ ግን ሰው በየቀኑ አይገፋም፤ ሰላምታቸውም እየቀዘቀዘ ነው።

ከተነሳች በኋላ እንከን የለባትም። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ስትመለስ በግማሽ ቁልፍ ትነሳለች። አንዱ ጋራዥ ባትሪ ቀይር አለኝ፣ ሌላው የናፍጣ ፖምፓው ይውረድ አለኝ፣ ሦስተኛው "ደሴ ነው ወንድሜ፣ ጋቢ አልብሳት" ብሎ ሳቀብኝ። ብር ከማፍሰሴ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነው፣ ዘይቱ 40 ነው።

የጦሳ_ጉም

እንኳን ደህና መጣህ። እኛ የሰው መኪና ስንገፋ ነው ያደግነው፣ ብርድ ያስረሳል። ለማንኛውም ማታ ስታቆማት አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙራት። ደሴ ውስጥ ውሃ ይጠፋል እንጂ ቁልቁለት አይጠፋም።

መካኒክ_ከሸዋበር

አብሽር ወንድሜ፣ ፖምፓ አታስወርድ። ያለቀ ፖምፓ ብዙውን ጊዜ የሚብስበት ስትሞቅ ነው፤ ናፍጣው ሲሞቅ ይቀጥንና በተበላው ክፍተት ያመልጣል። ያንተዋ ሞቃ ጤነኛ፣ ቀዝቅዛ በሽተኛ ናት። በሽታው ሌላ ቦታ ነው።

ናፍጣ ሞተር ላይ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለም። ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይግላል፣ ናፍጣው እዚያ ግለት ውስጥ ሲገባ ይያዛል። አሁን ደሴን አስባት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ሞተሩ የሚያምቀው አየር አንሷል፣ አየሩም ብረቱም በርዷል። በዚህ ላይ ሞተሪኖው እየተጎተተ ካዞረ፣ በእመቃው የተገኘችውን ሙቀት ብረቱ ይበላታል። ናፍጣው ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሰፈሩን የምታለብሰው ነጭ ጭስ እሱ ነው።

ስለዚህ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሞተሪኖው ፈጥኖ ያዞራል? የናፍጣ ካንዴላዎቹ፣ ማለት ማሞቂያዎቹ፣ ይግላሉ?

ባትሪውን ጠዋት ምንም ሳትነካ በቴስተር ለካው። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ካነበብክ ሊያልቅ ነው። ከዚያ አንተ ስታስነሳ ሰው ቴስተሩን ይይልህ፤ እያዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ከተነሳች በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዲናሞውን እይ፣ አዲስ ባትሪ ብትገዛም ይገድልብሃል። አንድ ሌላ ነገር፣ ሰዉ ባትሪ ሲጎድል አሲድ ይጨምራል። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ አይተንም። የባትሪ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው።

40 ዘይቱንም ተወው። ለባቲ ቆላ ይሁን፤ ለደሴ ንጋት ግን ወፍራም ነው፣ ሞተሪኖው ሙጫ ውስጥ እንዳለ ነው የሚታገለው። 15 ደብሊው 40 አድርግ። የፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ ያለውን ውፍረት ነው የሚነግርህ፣ ሲያንስ ይሻላል። ሲሞቅ ያው 40 ነው፣ ለሐረጎ ዳገትም ሆነ ለባቲ አይሳሳብህም።

የባቲ_መንገድ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አስረድቶ የነገረኝ የለም። የካንዴላዋ መብራት ግን ዳሽቦርድ ላይ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ይሠራል ማለት አይደለም እንዴ?

መካኒክ_ከሸዋበር

አይደለም። መብራቷ የምትቆጥረው ሰዓቱን ነው፤ ካንዴላው ይጋል አይጋል አታውቅም። አራቱም ሞተው መብራቷ በደስታ ትበራለች። አራቱን የሚያያይዘውን ቆርቆሮ ፍታ። መፈተሻ አምፖል ወስደህ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አያይዝ፣ በሌላው ጫፍ የእያንዳንዱን ካንዴላ አናት ንካ። ከበራ ደህና ነው፣ ካልበራ ተቃጥሏል። ሁለቱ ሞተው በሁለቱ ስትታገል የከረመች መኪና እዚህ ጋራዥ በየሳምንቱ ትመጣለች። ኮምቦልቻ ላይ በሁለት ይነሳል፣ ደሴ አይምርም።

ስትገዛ አካሉ ላይ የተጻፈውን ቮልት እይ። 6 የሚል አለ፣ 11 የሚል አለ። ረክሷል ብለህ 6ቱን በ11ዱ ቦታ ከገጠምክ ወዲያው ይቃጠላል። ቁልፍ ይዘህም አትቆይ፤ 10 ሰከንድ አዙር፣ ተው፣ ደቂቃ ያህል አሳርፈው፣ ድገም። እስክትነሳ ድረስ ቁልፉን የማይለቅ ሰው ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ባንድ ጠዋት ይጨርሳል።

ወረኢሉ_ጭነት

የጋሼ ምክር ልክ ነው፣ ግን ደሴን ብርድ ብላችሁ ስታወሩ ይገርመኛል። ደጋው ጉጉፍቱ ላይ እደሩና እንያችሁ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ጣትህ ቆፈን ይዞት የታንከር ክዳን አይፈታም። እኛ ማታ ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ አፍስሰን ነው የምንተኛ፣ ጠዋት ሙቅ ውሃ እንሞላለን። ናፍጣው ሲደነግዝ ትንሽ ላምባ ጣል እናደርግበታለን። የባሰ ቀን ችቦ አያይዞ ከታንከሩ ሥር የሚያዞር ሹፌርም አይቻለሁ።

መካኒክ_ከሸዋበር

ወንድሜ ችቦዋን ለጠላትህም አትንገር። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ባይፈነዳም የታንከሩ ቱቦ የፕላስቲክ ነው፣ ዙሪያው ሁሉ ዘይት የጠጣ አቧራ ነው። ላምባውም ናፍጣውን ያቀጥነዋል እውነት ነው፣ ግን ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ላምባ ሲበዛ ፖምፓው እየተፋጨ ያልቃል። አዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ላይማ ጭራሽ አይሞከርም። ብዙ ጊዜ "ናፍጣው ረጋ" የምትሉት ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመው ውሃ ነው የሚረጋው። ማታ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገህ ውሃውን አፍስስ። ይህን ያደረገ ሹፌር ችቦ አይዝም።

ራዲያተር ማፍሰሱ ያባቶች ዘዴ ነው፣ ውሃ ሲረጋ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያብጥ የሞተሩን አካል፣ ሞኖብሎኩን፣ ይሰነጥቀዋል። ግን ዛሬ ኩላንት አለ፣ በብርድ ቶሎ የማይረጋ የራዲያተር ፈሳሽ።

ኤድመንተን_ያለሁ_ወሎየ

ክሩን እያነበብኩ ናፍቆቴን ቀሰቀሳችሁት። እኔ ሆጤ ነው ያደግኩት፣ አሁን ካናዳ ነኝ። እዚህ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 መውረድ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ብርድ የሚባለውን ነገር ትንሽ ልመስክር።

እዚህ መኪናው አፍንጫ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። መጀመሪያ ስመጣ ኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ መስሎኝ ነበር። ሞተሩ ውስጥ የተገጠመ ማሞቂያ ነው፣ እንደ ውሃ ማፍያ ኩላንቱን ያሞቃል። ለመነሳት ሦስት አራት ሰዓት ሲቀር ይሰካል፤ ሰዓት ቆጣሪ ገዝቼ ለሊት ራሱ እንዲበራ አድርጌዋለሁ። የመኪና ማቆሚያው ላይ ሶኬት ያለው ምሰሶ ተተክሎልሃል። ናፍጣውም የክረምት ናፍጣ ተብሎ ለብቻው ተዘጋጅቶ ነው የሚሸጠው።

ባትሪ ላይ ጋሼ ያሉትን ላጠናክር። በዜሮ ዲግሪ ባትሪ ጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ ከግማሽ በላይ። ሙሉ ባትሪ እንዲህ በቀላሉ አይረጋም፣ ከዜሮ በታች 50ንም ይችላል። ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 አካባቢ በረዶ ሆኖ ሳጥኑን ይሰነጥቃል። የረጋ ባትሪ ላይ ካቦ፣ ማለት ከሌላ ባትሪ ኃይል የሚያመጣ ገመድ፣ መግጠም አደገኛ ነው፣ ሊፈነዳ ይችላል። ኩላንቱን ደግሞ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ነው የምንቀላቅለው፣ እስከ ከዜሮ በታች 37 ይይዛል። ሳይበረዝ ብቻውን ከተሞላ ግን ከዜሮ በታች 13 ላይ ይረጋል። ለወረኢሉው ወንድሜ ግማሽ በግማሹ ይበቃዋል፣ ማታ ማፍሰስ ይቀርለታል።

ወረኢሉ_ጭነት

ወየው! ከዜሮ በታች 30? እኔ ተሸንፌያለሁ። በል በርኖስ እንላክልህ።

የቧንቧ_ውሃዋ

እኔ ስለ ናፍጣ አላውቅም። ትንሽ አውቶማቲክ ቤንዚን መኪና ናት ያለችኝ። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ፒያሳ፣ ቤት፤ ከዚህ አታልፍም። እሷም ሰሞኑን ጠዋት ትንገራገጫለች። ባለቤቴ ሃያ ደቂቃ ቆማ ትሙቅ ይላል፣ በዚህ ነዳጅ ወረፋ! መስታወቱ ላይ ደግሞ ውርጩ ተጋግሮ ይጠብቀኛል። ጎረቤቴ የፈላ ውሃ ስታፈስበት አየሁና እኔም ልጀምር ነበር።

መካኒክ_ከሸዋበር

እህቴ የፈላ ውሃውን አታፍስሺ። ትንሽ ጭረት ካለበት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። የስልክ ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ ይበቃል፣ ፈቅፍቂው። ማታ ካርቶን ወይም አሮጌ ነጠላ ጣል ብታደርጊበት ደግሞ መፈቅፈቁም ይቀራል። መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ሲደበዝዝ ኤሲውን ከሙቁ አየር ጋር አብሪው። ኤሲ አየሩን ያደርቀዋል፣ ለሙቀት ጊዜ ብቻ አይደለም። አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጊ፤ የውስጡን ካዞርሽው የልጆቹ ትንፋሽ ነው ተመልሶ መስታወት ላይ የሚያርፈው።

ሃያ ደቂቃው አያስፈልግም። ቤንዚን ኢንጀክሽን ከሆነች ደቂቃ ይበቃታል፤ ከዚያ ጋዝ ሳትረግጪ ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ እየሄደች ፈጥና ትሞቃለች። ያንቺ ችግር ጉዞሽ ማጠሩ ይመስለኛል። ለማስነሳት የወጣው ጉልበት ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ፒያሳ በሚደረግ ጉዞ አይተካም፣ በዚህ ላይ መብራት፣ ማሞቂያ፣ መጥረጊያ አለ። በሳምንት አንዴ ሐይቅ ድረስ ውሰጃት፣ ልጆቹም ይደሰታሉ።

አውቶማቲክ ስለሆነች ግፉልኝ እንዳትዪ፣ ተገፍታ አትነሳም። ካቦ ያዢ። ቀዩን መጀመሪያ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ ከጤነኛው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩን ከጤነኛው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ከሞተው ባትሪ ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ። የመጨረሻዋ ብልጭታ ባትሪው አጠገብ እንዳትሆን ነው።

ወረኢሉ_ጭነት

ደቂቃ ይበቃል የተባለው ለቤት መኪና ነው። ሲኖትራክ የያዛችሁ እንዳትሰሙት! የአየር ፍሬኑ ጌጅ ሳይሞላ ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ። ከደሴ ወጥተህ ወዲያው ሐረጎ ነው የሚቀበልህ፣ ጉም ውስጥ። የአየር ጋኖቹንም ማታ ማታ ውሃቸውን አፍስሱ፤ ውርጭ ላይ ውሃው ቫልቩ ውስጥ ይረጋና ፍሬኑ ይይዛል ወይም ይለቃል።

መካኒክ_ከሸዋበር

በዚህ አልከራከርህም፣ እውነትህን ነው።

የጦሳ_ጉም

እኛ ሰፈር ከሰል አቀጣጥለው ማንደጃውን ከሞተሩ ሥር የሚያደርጉ አሉ። ይሠራል ወላሂ፣ ዘይቱ ይሞቃል።

ኤድመንተን_ያለሁ_ወሎየ

ክፍት ቦታ ላይ ከሆነ እሳቱ ነው የሚያሰጋህ። ቆርቆሮ ጋራዥ ዘግተህ ከሆነ ግን ጭሱ ይገድልሃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ራስ ያምህና እንቅልፍ ይወስድሃል፣ አለቀ። እዚህ በረዶ የጭስ ማውጫውን ደፍኖባቸው መኪና ውስጥ ሞተር አስነስተው የሚሞቱ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ በረዶ ላይ የቀረ ሰው መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ነው የሚጠርግ። በቤትም ያው ነው፣ ማንደጃ ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ይቅር። ባና ደርቡ።

ቦርከና_ዳር

ሁላችሁም ባትሪ ባትሪ ትላላችሁ፤ ጠያቂው መኪናዋ ኮምቦልቻ ባቲ ትሠራ ነበር ሲል ማንም አልሰማውም። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ወንድም፣ ቴርሞስታቷ፣ ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ፣ አለ? አብዛኛው በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል። ቆላው ላይ እንዳትፈላ ተብሎ። ደሴ ስትገባ ታዲያ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ጭሱ አይጠፋም፣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ ናፍጣ ትበላለች።

መካኒክ_ከሸዋበር

አወጣጡን የጀመራችሁት እናንተው ኮምቦልቻዎች አይደላችሁም እንዴ?

ቦርከና_ዳር

ጋሼ በኛ አታሳብቡ፣ ደሴም እየወጣ ነው። እኔ በበኩሌ አላወጣም። የቆላ ሹፌር መጥቶ "አውጣልኝ" ሲለኝ እከራከረዋለሁ። ቴርሞስታት በ82 ወይም 88 ዲግሪ ይከፈታል፤ ሚሌ ሙቀት ላይ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፣ ምንም አይከለክልም። እንዲያውም ብዙ የቶዮታ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በታችኛው በኩል ያለውን አጭር መንገድ ይዘጋል። አውጥተህ ከጣልከው ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፣ የፈላው ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ይገባል። እንዳትፈላ ብለህ ያወጣኸው ያፈላታል። ለምትፈላ መኪና መድኃኒቱ ራዲያተር ማጽዳት፣ ክዳኑን መቀየር፣ ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጊያ ማጥበቅ ነው። ክዳኑ በተለይ ለደሴ ሰው። በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ከዚያ በላይ ይዞ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው።

የጧቱን አለመነሳት እሱ ብቻ ነው ያመጣው አልልም፤ ያ የባትሪና የካንዴላ ነገር ነው። ከተነሳች በኋላ ጭሱ ስንት ደቂቃ ይቆያል? የሙቀት መርፌዋስ የት ነው የምትውለው?

የባቲ_መንገድ

መርፌዋ ደሴ ውስጥ ከታችኛው መስመር ብዙም አትወጣም። እኔ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር! ጭሱ ሰኞ ገበያን አልፌ ፒያሳ እስክደርስ ይከተለኛል።

ቦርከና_ዳር

ቴርሞስታት የለህም። የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጠዋት እንደተነሳች ጨብጠው፣ ቺንጊያና ፋኑን ተጠንቅቀህ። ጤነኛ ከሆነች ሞተሩ እስኪሞቅ ቱቦው ቀዝቃዛ ነው፣ ከዚያ ባንዴ ይፈጃል። ያንተ ከመጀመሪያው ቀስ እያለ ለብ ይላል።

የጦሳ_ጉም

ካርቶን ራዲያተሩ ፊት ማድረግስ?

ቦርከና_ዳር

ለጉጉፍቱ ደህና ነው። ደሴ አድርገኸው ረስተህ ኮምቦልቻ ከወረድክ ግን ተመልሰህ ሐረጎን ስትወጣ ትፈላልሃለች።

ወረኢሉ_ጭነት

ሐረጎ ከተነሳ ዘንድ፣ ጠዋት በፎሌ ናፍጣ እንቆጥባለን የምትሉ ሚኒባሶች እባካችሁ ተዉ። ሞተር ጠፍቶ ስትወርዱ የፍሬን አጋዡ አየር ሁለት ሦስት ርግጫ ነው የሚያቆያችሁ፣ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ነው። በማርሽ ውረዱ። በጉም ጊዜ ረጅሙን መብራት አታብሩ፣ ጉሙ ላይ አርፎ ዓይናችሁን ይመታል። አጭሩን አብሩ፣ መስኮት ዝቅ አድርጉና ጆሯችሁን አውጡ፤ አይሱዙ ከመታየቱ በፊት ይሰማል።

የባቲ_መንገድ (ታኅሣሥ 12፣ ምሽት 1:15)

ሰላም። ጠዋት ባትሪዬ 12.3 ነው የሚያነበው፣ እያዞረ 10.1። ጋሼ፣ ይሄ መጥፎ ነው? ካንዴላዎቹን ፈተሽኳቸው፣ የበሩት አንደኛዋና ሦስተኛዋ ብቻ ናቸው። ቴርሞስታቱን ደግሞ ቤቱን ስፈታው ባዶ ነው፣ ዝገት ብቻ። ከዝገቱ በላይ የገረመኝ፣ መኪናዋን የሸጠልኝ ሰውዬ "አትፈላም፣ ዋስትና እሰጥሃለሁ" ያለኝ ነገር።

መካኒክ_ከሸዋበር

ባትሪው አይጣልም፣ ቻርጀር ላይ አሳድረው። የተርሚናሎቹን አረንጓዴ ሻጋታ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠብ፣ አጥብቀህ እሰር። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የመሬት ገመድም ፈትተህ አጽዳው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ካንዴላ ግን ሁለት አትግዛ፣ አራቱንም ቀይር፤ ሁለቱ አሮጌዎች ጥር ሳይወጣ ይከተላሉ። የቀየርክ ቀን ዘይቱንም ቀይር።

የባቲ_መንገድ

እሺ ጋሼ። ቴርሞስታቱ የ82 ነው የ88 የምገዛው? እዚህ ሱቅ ሁለቱም አለ አሉኝ።

ቦርከና_ዳር

የሞተርህን ቁጥር ይዘህ ሂድና የራሱን ግዛ፣ አንተ አትምረጥ። ሱቁ ምንም ካላወቀ 82ቱን ውሰድ፣ ባቲም ስለምትሠራ። ከመግጠምህ በፊት በክር አንጠልጥለህ ድስት ውስጥ አሙቀው፣ ውሃው ሳይፈላ ሲከፈት በዓይንህ እይ፤ አዲስ ሆኖ የማይከፈት ገጥሞኛል። ውሃ እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን አሮጌውን አትመልስ። ስትገጥመው ጠርዙ ላይ የምትወዛወዝ ትንሽ ቁልፍ አለች፣ እሷ ወደ ላይ ትሁን፣ አየሩ የሚወጣው በሷ ነው። ኩላንቱን ስትሞላ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተህ ክዳኑ ሳይዘጋ አስነሳት፣ አረፋው እስኪያልቅ እየጨመርክ።